ያለጊዜዋ ለተወለደች ልጅ የዓይን ምርመራና መነጽር በባሕር ዳር፦ የአንድ ክሊኒክና የአንድ መነጽር ቤት ግምገማ

ይህ ግምገማ በባሕር ዳር ከተማ ስላገኘኋቸው ሁለት አገልግሎቶች ነው። አንደኛው ሕፃናትን የሚመረምር የግል የዓይን ክሊኒክ ሲሆን ሁለተኛው ክሊኒኩ ያዘዘውን መነጽር የሠራልን መነጽር ቤት ነው። ሁለቱንም ያወቅኋቸው በልጄ ምክንያት ነው። ልጄ በ29ኛው የእርግዝና ሳምንት፣ 1,200 ግራም ሆና የተወለደች፣ ዛሬ አምስት ዓመት የሞላትና ሩቅ ያለውን ነገር ያለ መነጽር የማትለይ ልጅ ናት። የድርጅቶቹን ስም ያልጠቀስኩት ጽሑፉ ማስታወቂያ እንዳይሆን ብዬ ነው፤ ደግሞም የመዘንኩበት መለኪያ ለየትኛውም የዓይን ክሊኒክና ለየትኛውም መነጽር ቤት እንዲያገለግል እፈልጋለሁ። መለኪያዬ አንድ ነው፤ ልጁን የሚመረምረው ባለሙያ ዓይኑን ከመለካቱ በፊት ስለ አወላለዱ ይጠይቃል ወይስ አይጠይቅም?

የዚህ ጥያቄ ክብደት የሚገባን ዓይን በማሕፀን ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ስናውቅ ነው። በዓይን ጀርባ ያለውና ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፈው ስስ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲና፣ የደም ሥሮቹ ማደግ የሚጀምሩት በ16ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው። ሥሮቹ ከመሐል ተነሥተው ወደ ዳር እያመሩ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጠርዝ በ36ኛው ሳምንት አካባቢ፣ በጆሮ በኩል ያለውን ደግሞ በ40ኛው ሳምንት ግድም ይደርሳሉ። እንግዲህ በ29ኛው ሳምንት የተወለደ ሕፃን ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ዓይኑ ተሠርቶ ሳያልቅ ነው። ከተወለደ በኋላ የሚያገኘው ኦክስጅን፣ በተለይም ሳይለካ በብዛት ከተሰጠው፣ የእነዚህን ሥሮች ዕድገት ይገታል፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል ኦክስጅን ሲያጥረው፣ የተዛቡና በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች እንዲበቅሉ ምክንያት ይሆናል። ችግሩ ቀላል ከሆነ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ ከባሰ ግን ጠባሳ ፈጥሮ ሬቲናውን ከቦታው እየሳበ ያላቅቀዋል፤ ልጁም ለዘለቄታው ብርሃኑን ሊያጣ ይችላል።

ሬቲናው ተረፈ ማለት ግን ጉዳዩ አበቃ ማለት አይደለም። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች፣ የሬቲና ችግር ያልደረሰባቸው እንኳ ሳይቀሩ፣ ሩቅ ያለማየት፣ አስቲግማቲዝም (የዓይኑ ፊት ጉብታ በየአቅጣጫው እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ የምስል መደብዘዝ)፣ ሸውራራነት፣ የሁለቱ ዓይኖች ቁጥር መበላለጥና ከዚያ የሚመጣው የአንድ ዓይን መስነፍ በጊዜያቸው ከተወለዱት ይልቅ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ የእነዚህን ልጆች ዓይን የሚመረምር ሰው ቁጥር ለክቶ መነጽር ጽፎ ቢያሰናብት ሥራውን የጀመረ እንጂ የጨረሰ አይባልም።

ወደዚህ ክሊኒክ ከመድረሳችን በፊት ልጄን በሌላ ቦታ አስመርምረናት ነበር። እዚያ ልጅቱን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠው፣ አገጯን አስደግፈው፣ ቁጥሩን በወረቀት አትመው ሰጡን፤ ጠብታ አልተደረገላትም፣ ስለ አወላለዷም የጠየቀን ሰው አልነበረም። ለግራ ዓይኗ የወጣው ቁጥር ከዜሮ በታች 9.50 ነበር። የልጅ ዓይን በውስጡ ያለውን ሌንስ እንደ ልብ የሚያጠብቅና የሚያላላ ብርቱ ጡንቻ አለው፤ ልጅ ማሽን ውስጥ ያለውን ሥዕል ቅርብ ያለ መስሎት ትኩር ብሎ ሲያይ ያ ጡንቻ ይሠራል፣ ማሽኑም ሩቅ ያለማየቱን ከእውነተኛው አብዝቶ ይነግረናል። አዋቂ ላይ ይህ ስሕተት ጥቂት ነው፤ ልጅ ላይ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። ጡንቻው በጠብታ ሳይዝናና የተጻፈ የልጅ መነጽር ማዘዣ ይዞ ወደ መነጽር ቤት መሄድ ተገቢ አይደለም የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የምገመግመው ክሊኒክ በዚህ ረገድ የሚያስመሰግን ነው። ባለሙያዋ ካርዱን ከፍታ ከስምና ከዕድሜ ቀጥላ «እናቷ፣ ልጅቱ በስንት ወሯ ነው የተወለደችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰባት ወር እንኳ እንዳልሞላት ስነግራት ብዕሯን ሳታስቀምጥ፣ ስትወለድ ስንት ግራም እንደነበረች፣ ኦክስጅን ላይ ምን ያህል እንደቆየች፣ ደም ተሰጥቷት እንደሆነ፣ ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊትም ሆነ በኋላ ዓይኗን በጠብታ ከፍቶ ያየላት ሐኪም እንደነበረ በየተራ ጠየቀችኝ። የመጨረሻውን ጥያቄ የለም ብዬ ስመልስ ባለሙያዋ መልሴን ካርዱ ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረችበት። እኔ ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁትን ዋጋ ለመግለጽ ያህል፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ ክፍያው ማሰብ ተውኩ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ልጄ ፊደል ገና ስለምትለማመድ በሰሌዳው ላይ የነበሩት የፖም፣ የቤት፣ የክብና የአራት ማዕዘን ሥዕሎች ነበሩ፤ እሷም እጇ ላይ ካለው ካርድ ተመሳሳዩን በጣቷ እያመለከተች መለሰች፤ መጀመሪያ በሁለቱም ዓይኖቿ፣ ቀጥሎ አንዱን እየሸፈኑ። የቀኙ ሲሸፈን አንገቷን እያጣመመች በመሸፈኛው ጎን ለማጮለቅ መሞከሯ የግራው ዓይን ደካማ መሆኑን ለባለሙያዋ ከቁጥሩ በፊት ነገራት። ዓይኖቿ ቀጥ ብለው መቆማቸውን አንዱን ሸፍኖ በመግለጥ ፈተሸች። ቀጥሎ ሳይክሎፔንቶሌት የተባለው ጠብታ በደቂቃዎች ልዩነት ተደጋግሞ ተደረገላትና ግማሽ ሰዓት ያህል እንድንጠብቅ ተነገረን። ጠብታው ያቃጥላል፤ ልጄ አለቀሰች፤ ይህን አስቀድሞ ለልጁ መንገር ይሻላል እንጂ «ምንም አይደል» ብሎ መሸንገል ሁለተኛው ጠብታ ላይ ትግል ያመጣል።

ስንመለስ ባለሙያዋ በባትሪ እያበራች ብሌኗ ለብርሃን መጥበብ ማቆሙን አረጋገጠች፤ ጥቂት ስለጠበበ እንደገና ጠብታ ጨምራ አስጠበቀችን። ብዙ ቦታ የሚዘለለው ይህ ማረጋገጫ ነው። ከዚያ ቀጭን የብርሃን መስመር የሚወረውር፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አንሥታ ክፍሉን አጨለመች። ልጄ ፈርታ የራሷን ሳይሆን የያዘችውን አሻንጉሊት ዓይን በመዳፏ ስትሸፍን፣ ባለሙያዋ ሳትቆጣ አስቀድማ ለአሻንጉሊቷ አበራችላት፤ ለአሻንጉሊቷም ሌንስ መርጣ «ይቺስ ደህና ታያለች፤ አሁን ደግሞ የአንቺን እንይ» አለቻት። በዚህ ዘዴ ልጅ አንዲት ቃል መናገር አይጠበቅባትም። መርማሪዋ በብሌኑ ውስጥ የሚታየው ቀይ ነጸብራቅ ብርሃኑ ሲንቀሳቀስ ወዴት እንደሚሄድ እያየች፣ በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩትን ሌንሶች አንድ በአንድ ከዓይኑ ፊት እያሳለፈች፣ ነጸብራቁ መንቀሳቀሱን የሚያቆምበትን ቁጥር ትፈልጋለች። የተገኘው ቁጥር ለቀኝ ዓይን ከዜሮ በታች 4.50፣ ለግራው ደግሞ 7.00 ሆነ። ከቀድሞው ወረቀት ጋር ያለው ልዩነት 2.50 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ይህን ያህል የበዛ መነጽር ልጅን ቀኑን ሙሉ ያለማቋረጥ ጡንቻዋን እንድታሠራ ያስገድዳታል። ልጄ መነጽሯን እያወለቀች ከአልጋ ሥር ትወረውር የነበረበትን ምክንያት ያኔ ተረዳን።

በመጨረሻ የዓይን ሐኪሙ ራሱ ላይ መብራት አስሮ፣ በእጁ ሌንስ ይዞ፣ የሁለቱንም ዓይኖች ሬቲና እስከ ጠርዙ ተመለከተ። በግራው ዓይን በጆሮ በኩል ባለው ዳር የቆየ ጠባሳ አገኘ፤ ሬቲናው ግን ቦታው ላይ ነው። ሐኪሙ ያየውን በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየን፤ በራሱ ፍርድ ብቻ ሳይወሰን የሬቲና ሐኪም እንዲያረጋግጠው ሪፈር ጻፈልን። የራሱን ዕውቀት ድንበር የሚያውቅ ሐኪም ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ስለ ሩቅ ያለማየቷ የሰጠን ማብራሪያም ሙሉ ነበር። በትምህርት ዕድሜ የሚጀምረው የተለመደው ሩቅ ያለማየት በአብዛኛው የሚመጣው የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ስለሚረዝም ነው። ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ኳሱ አልረዘመም፤ ይልቁንም የዓይኑ ፊት ያልዳበረ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ኮርኒያው፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ይበልጥ ይጎብጣል፣ የውስጡ ሌንስ ይወፍራል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተትም ይጠባል፤ በዚህም ምክንያት ብርሃኑ ሬቲናው ላይ ከመድረሱ በፊት ይሰበሰባል። የሬቲና ችግራቸው በሌዘር የታከመ ልጆች ደግሞ ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ከታከሙት ይልቅ ከፍ ያለ ቁጥር እንደሚኖራቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ይህን የጻፍኩት ለወላጆች ዕረፍት ስለሚሰጥ ነው። የልጄ ዓይን ስልክ ስላየች ወይም ሥዕል አጎንብሳ ስለምትሥል አልደከመም። ከቤት ውጭ መጫወት ለማንኛውም ልጅ ይጠቅማል፤ እኛም ቅዳሜና እሑድ ወደ ጣና ዳር እንወስዳታለን፤ ሆኖም አብሯት የተወለደውን ቁጥር ይሽረዋል ብለን አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ መነጽር በከተማችን የሚነገረውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። «ገና በልጅነቷ መነጽር ካስለመዳችኋት ዓይኗ ይበልጥ ይደክማል» ያላለን ዘመድ የለም። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የልጅ አንጎል ማየትን የሚማረው ከዓይን በሚደርሰው ጥርት ያለ ምስል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ገደማ የደበዘዘ ምስል ብቻ የደረሰው አንጎል ያንን ዓይን ችላ ማለት ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጥሩ መነጽር ቢደረግ የጠፋውን መመለስ እያደር ይከብዳል። ጠበል የሚያስጠምቁ እናቶችን አውቃለሁ፤ እኔም ልጄን አስጠምቃለሁ፤ ጠበሉና መነጽሩ የሚጣሉበት አንዳች ምክንያት የለም።

ክሊኒኩ ጉድለት የለውም አልልም። የመጠበቂያው አዳራሽ ለልጅ የተዘጋጀ አይደለም፤ ጠብታ ተደርጎለት፣ ብርሃን እየወጋው፣ ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ የደበዘዘበት ልጅ መስኮት ፊት ባለ ወንበር ላይ እንዲጠብቅ ይደረጋል። መጋረጃ መስቀል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የተሰጠን የምርመራ ውጤት ወረቀት በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የጠባሳው ነገር፣ የቀጠሮው ምክንያትና የአደጋ ምልክቶቹ በአማርኛ ተጽፈው ቢሰጡ አያቷም መምህሯም ባነበቡት ነበር። ቀጠሮ አክብሮ የመጣና ያለቀጠሮ የመጣ እኩል ወረፋ ይይዛሉ፤ ከመሸንቲ ወይም ከዘጌ ተነሥቶ ለመጣ ወላጅ ይህ የአንድ ሙሉ ቀን ጉዳይ ነው። ስለ ጠብታው ማግሥትም ማንም አልነገረንም። የብሌኑ መከፈት እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ይችላል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ፀሐይዋ ብርቱ የሆነች፣ ሐይቁም ብርሃኑን መልሶ የሚያንጸባርቅባት ከተማ ናት። ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይዞ መሄድ፣ ሲመለሱም ሁለት በኩል ክፍት በሆነ ባጃጅ ውስጥ የልጁን ፊት በነጠላ መከለል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መነጽሩ ልለፍ። መነጽር ቤቱ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የቀድሞውን መነጽር ተቀብሎ በሌንስ መለኪያ ማየት ነበር። የሁለቱ ሌንሶች መሐል 58 ሚሊ ሜትር ይራራቃል፤ የልጄ ብሌኖች ግን የሚራራቁት 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ማለት እያንዳንዱ ሌንስ ከብሌኑ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሸሽቷል ማለት ነው። ሌንስ ከመሐሉ ሲሸሽ ምስሉን ወደ ጎን የሚገፋ ፕሪዝም ይፈጥራል፤ መጠኑም የሌንሱን ቁጥር በሴንቲ ሜትር በተለካው ሽሽት በማባዛት ይገኛል። 9.50ን በ0.4 ብናበዛ 3.8 እናገኛለን። ቁጥሩ አንድ ወይም አንድ ተኩል በሆነ መነጽር ላይ ይህ ስሕተት ብዙም አይሰማም፤ ቁጥሯ ከፍ ያለ ልጅ ላይ ግን ሁለቱ ዓይኖች አንዱን ምስል አንድ ለማድረግ ሁልጊዜ እንዲታገሉ ያደርጋል። አዲሱን መነጽር ሲያዝዙ የእያንዳንዱን ብሌን ርቀት ከአፍንጫ መሐል ለየብቻ ለኩ፤ ፍሬሙን ፊቷ ላይ አድርገው በሌንሱ ማሳያ ፕላስቲክ ላይ የብሌኗን ቦታ በነጥብ ምልክት አደረጉበት። ይህን የሚያደርግ መነጽር ቤት ስታገኙ አትልቀቁት።

ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ነው። ከተራው ፕላስቲክ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ገደማ አስከፍሎናል፤ ግን ይገባዋል ባይ ነኝ። ፖሊካርቦኔት ሲመታ በቀላሉ አይሰበርም፣ የፀሐይን ጎጂ ጨረርም በራሱ ያስቀራል፤ አንድ ዓይኗ ላይ ጠባሳ ላለባትና ጤናማው ዓይኗ እጅግ ውድ ለሆነ ልጅ፣ ድንጋይ ወይም ኳስ ሲመታት ስብርባሪ ዓይኗ ውስጥ የማይገባ ሌንስ ቅንጦት አይደለም። ጉድለቱ መጫጫሩ ነው። ጠንካራ ሽፋን የተቀባ ቢሆንም፣ ሞግዚቷ በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግላት የበጋው አቧራ ስስ ጭረቶች ጥሎበታል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እናጥበዋለን፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ እናደርቀዋለን። ሌላው፣ የግራው ሌንስ ጠርዝ ወፍራም ነው፤ ከዜሮ በታች የሆነ ሌንስ መሐሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም ስለሆነ ከዚህ ማምለጥ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ሻጩ ልጄ የወደደችውን ሰፊ ፍሬም ትቶ ትንሽና ክብ ፍሬም እንድንመርጥ መምከሩ ውፍረቱንም ክብደቱንም ቀንሶታል። ሰፊውን ቢሸጥልን የበለጠ ያተርፍ ነበር።

ፍሬሙ ለስላሳ ፕላስቲክ ሲሆን አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ክፍል ሲሊኮን ነው፤ ከኋላ የሚያያዝ ላስቲክም አለው። የትንንሽ ልጆች አፍንጫ ድልድዩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለአዋቂ የተሠራ ፍሬም ተንሸራቶ ይወርድባቸዋል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ሌንስ ደግሞ ከዓይን በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ልጅ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ በላዩ ስታይ ካያችሁ ቁጥሩን ከመጠራጠራችሁ በፊት ፍሬሙን አስተካክሉላት። መነጽር ቤቱ ብሎኑን ያጠብቃል፣ እጀታውን በሙቀት አጥፎ ያስተካክላል፣ ለዚህም ገንዘብ አይቀበልም። ቅሬታዬ በመዘግየቱ ላይ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው የልጅ ፖሊካርቦኔት ሌንስ ከአዲስ አበባ ታዝዞ ስለሚመጣ ከተባለልን ቀን እጅግ ዘግይቶ ደረሰ፤ ዘገየ ብሎ የደወለልንም አልነበረም። የልጅ ፍሬም ምርጫቸውም ጠባብ ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚሆኑት በአንድ መደርደሪያ ጥግ ላይ ያሉ ጥቂቶች ናቸው።

ለሰነፈው ዓይን የታዘዘልን ጤናማውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ነው። መካከለኛ ድክመት ላላቸው ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት መሸፈን ስድስት ሰዓት ከመሸፈን ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ሐኪሙም በሁለት ሰዓት አስጀመረን። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው መሸፈኛ በክሊኒኩ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን በመነጽሩ ላይ የሚጠለቅ የጨርቅ መሸፈኛ አሰፋን፤ ጎኑ ክፍት ከሆነ ልጅ አጮልቃ ስለምታይ እስከ ጆሮዋ ድረስ እንዲከልል አስደርገነዋል። መሸፈኛውን የምታደርገው ሥዕል ስትቀባ ወይም ምስር ስታስለቅመኝ ነው። ዓይኑ ሥራ ሲኖረው ይጠነክራልና።

ከክሊኒኩ ውጭ ያለውን አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል። ልጄ የተወለደችበት ሆስፒታል ሕይወቷን አትርፎልኛል፤ ነርሶቹን እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስንወጣ ስለ ክትባት፣ ስለ ክብደትና ስለ ጡት ሲነገረን ስለ ዓይን የተነገረን ነገር አልነበረም። ጊዜው ደግሞ የማይመለስ ጊዜ ነው። በብዙ አገሮች ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የመጀመሪያው የሬቲና ምርመራ የሚደረገው ከተወለዱ አራት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ ችግሩ ሕክምና የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ደርሶ ከተገኘ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲታከም ይመከራል። በአሜሪካ ምርመራው የሚመከረው በ30ኛው ሳምንትና ከዚያ በፊት ለተወለዱ ወይም ከ1,500 ግራም ለማይበልጡ ሲሆን፣ በሕንድ ግን ከ34 ሳምንት በፊት የተወለዱትንና ከ2,000 ግራም በታች የሆኑትን ሁሉ ይጨምራል። የኦክስጅን ቁጥጥር በሚያስቸግርበት አገር ተለቅ ያሉ ሕፃናትም ይጎዳሉና። ቦስተን ውስጥ ቴዎዶር ቴሪ የተባለ ሐኪም ይህን የሬቲና በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ በ1951 ኬት ካምቤል የተባለች አውስትራሊያዊት ሐኪም ያልተቆጠበ ኦክስጅን ምክንያቱ ሊሆን እንደሚችል እስክታመለክትና ሌሎች ጥናቶች እስኪያረጋግጡት ድረስ በዓለም ዙሪያ 10,000 ያህል ሕፃናት ዓይናቸው ጠፍቷል። በክልላችን የዓይን ሕክምናው ለረጅም ዘመን በትራኮማና በዓይን ሞራ ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን በማሞቂያና በእናት ገላ ለገላ እንክብካቤ የሚተርፉ ትንንሽ ሕፃናት እየበዙ ነው፤ የእነሱ ዓይን ምርመራም አብሮ ማደግ አለበት።

ስለዚህ ልጃችሁ አሁን ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለ ወላጆች፣ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ። በልጁ ደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በጣት ወይም በእግር በሚታሰረው መለኪያ እየታየ ነው? ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ90 እስከ 95 በመቶ ያለው ነው። ሁለተኛው፣ የሬቲና ምርመራው መቼና የት ይደረጋል? በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ብትወልዱ፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር መጻፍ ካስፈለገ፣ ሳምንታቱ ሳያልፉ እንዲጻፍላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የመውጫ ወረቀቱንም አትጣሉት። የእርግዝናው ሳምንት፣ የልደት ክብደቱና በኦክስጅን የቆየበት ጊዜ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ዓይኑን የሚመረምረው ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ልጃቸው ያለጊዜው ተወልዶ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ለደረሰ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፎ ለሚያይ፣ ዓይኑን ለሚያጨነቁር ወይም አንገቱን አጣሞ ለሚመለከት ወላጆች ይህን ክሊኒክ ያለማመንታት እመክራለሁ፤ የመጠበቁን ድካም በምርመራው ጥራት ይክሳል። ደህና የሚያይ ለሚመስል ልጅም ምርመራው አይቅር፤ አንድ ዓይኑ ደህና የሆነ ልጅ የሌላውን ድካም በቤት ውስጥ አያሳይምና። ሬቲናው ላይ ጠባሳ ያለበት ልጅ መነጽሩ ቢስማማውም በየዓመቱ የሬቲናው ጠርዝ መታየት አለበት፤ ድንገት የብርሃን ብልጭታ፣ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ አየሁ ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ግድ ነው። መነጽር ቤቱን ለሌንሱና ለልኬቱ ጥራት እመክረዋለሁ፤ ቀን አክባሪነትን ግን አትጠብቁበት። ልጃችሁ መስከረም ላይ ትምህርት የሚጀምር ከሆነ ትእዛዙን በሐምሌ አስገቡ፤ የቀደመውን መነጽርም ከነማኅደሩ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሌንሱን መሐል ከልጁ ብሌን ጋር ያመሳክሩላችኋል።